አለ ወይስ የለም

ቆጣሪ አነብባለሁ፣ ዓመቱ አሥራ አራት፤
ከአብማ እስከ ውሰታ፣ ማርቆስን በጓሮ በር ነው የማውቃት፤
የየቤቱን ውሻ በስሙ፣ የየደጁን እርከን በቁጥር፣
የቱ ቆጣሪ ከሸረሪት ድር ጀርባ፣ የቱ ከደረጃ ሥር።

አምና በመጋቢት፣ ፀሐይ አናት እየበሳች፣
ስምንት ቁጥር ሦስት መሰለኝ፣ ሦስቱ ጭጋግ ለበሰ፤
ግራ እግሬ ጫማዋን ደጅ ጥላ ባዶዋን ተከተለች።
«በጠዋት ጠጥቶ ይዞራል» ብለው ወይዘሮ ስንዱ ደወሉ፤
አለቃዬ ይርሳው አፌን አሸተተ። ምንም አላለ።
በማግሥቱ ወደ ዓባይ ቆላ መደበኝ፣ ወደ ሙቀቱ።

ባሕር ዳር ሐኪሙ ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፎ
ስሙን በእንግሊዝኛ ነገረኝ። ደገመው። ፊቴን አየ።
«ሥራህ ምንድን ነው?»
«መብራት ኃይል።»
«እንግዲያ ታውቀዋለህ። ሽቦው አልተበጠሰም፤
ልባሱ ነው የተላጠው።»

ገባኝ። የተላጠ ሽቦ አንዴ ያበራል፣ አንዴ ይርገበገባል፣
ጥፋተኛው አምፖሉ ይመስላል።
ያልገባኝ ሌላው ነው፦
ለማን ይነገራል? የተናገረ ይባረራል ወይ?
ድካም በምን ይነበባል? ማን ቆጣሪ ገጠመለት?
ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ስለ ወባ ተጽፏል፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት፤
የእኔን የሚል ወረቀት አጣሁ፣ በማውቀው ፊደል።

የሰው ሀብቷ የኔአገር ቅጽ አወጣችልኝ።
«የአካል ጉዳት፦ አለ፣ የለም።» ሁለት ሳጥን።
ማክሰኞ የለም፤ ሐሙስ አለ።
ጠዋት የለም፤ ቀትር ላይ አለ።
ሐምሌ፣ የጮቄ ነፋስ ሲወርድ፣ የለም፤
መጋቢት፣ ወይ መጋቢት።
«አንዱን ምረጥ» አለችኝ፣ «ኮምፒውተሩ ሁለቱን አይቀበልም።»
እስክሪብቶው እጄ ላይ ቆየ።
ቅጹን ገለበጠችው፣ ወደ ባዶው ጀርባ፦
«እዚህ ጻፍልኝ እስቲ፤ የምትችለውን።»

ይህን የጠየቀኝ አልነበረም።
ጻፍኩ፦ ወንበር። ጥላ ያለው መስኮት። እስከ ስድስት ሰዓት።
ደግሞ፦ ማርቆስ በሙሉ፣ በቃሌ።

የደብዳቤው መልስ ገና ነው። መስኮት ሦስት ላይ በጊዜያዊነት ተቀምጫለሁ።
ትናንት ወይዘሮ ስንዱ መጡ፣ ሒሳቡ በዛብኝ ብለው።
«ከደረጃው ሥር ያለው፣ መስታወቱ የተሰነጠቀው» አልኳቸው፣
«ስንጥቁ አንዱን ሰባት ያስመስለዋል፤ አዲሱ ልጅ አያውቅም።»
ቀና ብለው አዩኝ። አፈሩ መሰለኝ።
«አንተ ነህ እንዴ? ሕመሙስ፣ አሁንም አለ?»
«ዛሬ የለም» አልኳቸው።
«ነገን ገና አልሞላሁም።»