ቁልፍ ያዥ፣ ቁጥር ሁለት

የመጀመሪያው ሲመጣ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣
ግዳንስክ፣ ስምንተኛ ፎቅ፣ ከባልቲክ ባሕር ዳር፤
አባታችን ከመርከብ መሥሪያው፣ ከሌሊት ፈረቃ
ሳይመለስ በፊት፣ ጎረቤት ሳይነቃ፣
እኔና ቦጉሚል ከአንድ ብርድ ልብስ ሥር፣
እሱ ጆይስቲክ ይዞ፣ እኔ እርሳስና ደብተር።

እሱ ይራመዳል፣ እኔ እሥላለሁ፤
«ግራ ላይ ደረጃ፣ ቀጥሎ ልብስ ማጠቢያ» ብዬ እጽፋለሁ፤
አልከፈት ያለውን በር በቀይ አከብባለሁ።

በረዶ ያዘጋው ሆቴል። አንዲት የስልክ ሠራተኛ
እህቷን ፍለጋ ገብታ፣ ያለ መብራት፣ ያለ ጓደኛ።
ሌላ ብዙም የለው። ግድግዳው ድፍን ግራጫ፤
ፊቷ በመጥረቢያ የተጠረበ፣ አገጭ ይሁን አፍንጫ
አይለይም፤ ስትሮጥ ይሰምጣል እግሯ
ምንጣፉ ውስጥ፤ እንደ ሣንቃ ነው ጠጉሯ።

ግን ቁልፎቹ።
ከኮሪደሩ ወዲያ፣ ከማይታይ ወገብ
ቅጭል… ቅጭል… እያሉ፣ ቀረብ፣ ደግሞ ቀረብ፤
ያኔ ቦጉሚል ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ ጥሎ
«አንቺ ጨርሺው» ይላል፣ ፊቱን በብርድ ልብስ ከልሎ።
የሰውዬውን መልክ አላየነውም፣ እስከ መጨረሻው።
ያላየነው መልኩ ነበር የሚያባንነን፣ እሱ ነው።
ሳምንት ሙሉ ሊፍቱን ትተን በደረጃ ወጣን፤
የፅዳት ሠራተኛዋን፣ የወይዘሮ ዘኖቢያን
የቁልፍ እስር ስንሰማ ላብ ላብ እያለን።

ሁለተኛው ወጣ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቆይቶ፤
ሳጥን የለው፣ ዲስክ የለው፣ በሽቦ ፈስሶ ገብቶ።

ያምራል። መካድ ነውር ነው።
የመስኮቱ ውርጭ ሲቀልጥ ጠብታው ይቆጠራል፤
የሴትዮዋ ጠጉር ዘለላ በዘለላ ይበተናል፤
ሆቴሉ አራት እጥፍ ሰፍቶ ወደብ ጨምሯል፤
ካርታውን ራሱ ይሥላል፣ ራሱ ያቀልማል፤
ጠፋሁ ስትል ቀስት አብርቶ «በዚህ» ይልሃል።
በር ሁሉ ይከፈታል።
ያ በቀይ ያከበብኩትም፣ የልጅነቴ ምሥጢር፣
ተከፈተ፣ እንደ ማንኛውም በር።
ውስጡ መጥረጊያና ባልዲ ነበር።

ለቁልፍ ያዡም ፊት ወጣለት፤ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ይታያል፤
የአባቱ ቀበቶ፣ የከሰሉ ጓዳ፣ ራት ያጣበት ሌሊት፣ ሁሉ ይተረካል፤
ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ እንባ ያዘኝ።
ያዘንኩለትን ሰው እንዴት ልፍራው? ንገሩኝ።

ለቦጉሚል ደወልኩ። «መልኩን ሲገዙለት ጥላውን ሸጡበት» አልኩት።
ዝም አለ። በስልኩ ውስጥ የትራም ደወል ሰማሁት።
«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለ።

ቦጉሚል ዓይኑ ከደከመ አራት ዓመት ሆነው፤
መሐሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩ ብቻ ነው የቀረው፤
የሰው ፊት ለማየት ጆሮውን ነው የሚያየው።

መጣ። ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ፤
ከጆሮ ማዳመጫው አንዱን ለኔ፣ አንዱን ለራሱ አደረገ።
«ስክሪኑን አጥፊው» አለኝ።
አጠፋሁት። የፍሪጁ ጉርምርምታ ብቻ ቀረ፤ ከዚያ እሱም ተዘነጋኝ።

ከበላያችን ተረከዝ። ከግድግዳው ኋላ ውኃ።
በሩቁ፣ በወደቡ በኩል፣ የገመድ ሲቃ።
ደግሞ ትንፋሽ፤ ሴትዮዋ ስትቆም የሚቆም፣
ስትሄድ አብሮ የሚሄድ፣ አንድ እርምጃ የማይቀድም።
ሃያ ሰዓት ተጫውቼ አንድ ቀን አልሰማሁትም!
ያ ሁሉ ጠብታ፣ ያ ሁሉ ጠጉር፣
ለካ ጆሮዬ ላይ የተወተፈ ጥጥ ነበር።

«ግራ በኩል ባዶ ነው፣ ደረጃ መሰለኝ» አለ፤ «ጻፊ እንጂ!»
እርሳስ የለኝም። በዳበሳ እስኪርቢቶ፣ በዳበሳ የመብራት ቢል፤ በእጄ
ጀርባው ላይ መስመር ጎተትኩ፣ መስመር በመስመር ላይ፣
ጠዋት ሲታይ የዶሮ ጭረት እንጂ ካርታ የማይመስል፣ የማይታይ።

ከዚያ ቁልፎቹ።
ፊት የላቸውም፣ አባት የላቸውም፣ ታሪክ የላቸውም።
ቅጭል… ከቀኝ። ቅጭል… ከቅርብ።
የቦጉሚል ጉልበት ጉልበቴን ነካው። የሠላሳ ሰባት ዓመት ሰው
ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ ጣለው፤
«አንቺ ጨርሺው።»

እኔም በዚያ ድፍን ጨለማ፣ ምንም በሌለበት፣
እንዳላይ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩት።