ደመወዝ፦ በስምምነት

ስሙን «ባለእጅ» አልሁት። ሲሰማኝ አባቴ፣
መዶሻው አየር ላይ ቀረ ፊት ለፊቴ።
«በዚህ ስም» አለ፣ «ልጄ፣ ስንሰደብ ኖረናል፤
ገበያ ላይ ስንቆም ሰው ገለል ብሎብናል።
ቀን ማረሻ አሠርቶ እጃችንን የሚመርቀን፣
ማታ ልጁ ሲታመም ዓይናችንን ሸሽቶ የሚርቀን...»
«ለዚያ ነው» አልሁት። ሌላ መልስ አልነበረኝም።
እሱም ወደ ፍሙ ዞረ፤ እሺም እንቢም አላለኝም።

ነገሩ ይኸው ነው፦ ለበያጅ፣ ለወፍጮ ጠጋኝ፣ ለቶርኖ ሠራተኛ፣
ለፓምፕ፣ ለሞተር፣ ለእጅ ብቻ የሚሆን የሥራ መገናኛ፣
በስልክ የሚከፈት። ጸሐፊ፣ ሹፌር፣ ገንዘብ ያዥ አያወጣም።
«ሁሉን ጨምሪበት» አለኝ ፈንታሁን፤ «በበያጅ ብቻ እንጀራ አይመጣም።»
የአክስቴ ልጅ ነው፣ የባንክ ሰው፤ ሒሳቡ ስሕተት የለም።
እኔ ግን ያለኝ አንድ በሬ ነው፤ ጥማድ እንኳ አይደለም፤
ቆላም ደጋም ልረስ ብል፣ ሁለቱም ጦም ያድራል።
ይህን ስለው ይስቃል፤ ሻይ ግን እሱ ይከፍላል።

የመጀመሪያው ወር ባዶ ነበር። ባዶ ስላችሁ፣ ባዶ።
አሠሪው «ሰውሽ የታል?»፣ ሠራተኛው «ሥራሽ የታል?» ይላል ማልዶ።
የሌለ ሙሽራ ይዤ ለሌለች ልጅ ቤት
እንደሄድሁ ሽማግሌ ቆምሁ ደጅ፣ ያለ ጥሪ፣ ያለ ምክንያት።
ስለዚህ በእግር ጀመርሁ፣ ከጅጋ እስከ ማንኩሳ፣
የወፍጮ ዱቄት ከፀጉሬ ማራገፍ እስክረሳ።
«ሲሰበርብህ ማን ይጠግናል? ስንት ቀን ትቆማለህ?»
«አራት ቀን፣ አምስትም፣ ባሕር ዳር ደውዬ። አንቺ ሰው ታውቂያለሽ?»

የመጀመሪያ ገንዘቤ መቶ ሃምሳ ብር ነበር፤
ቡሬ ላይ የአያ ምንይችል ወፍጮ ዘንጉ ሲሰበር።
አንሙት የሚባል ልጅ ከደምበጫ መጥቶ፣ ሌሊቱን ከብረት ታግሎ፣
ጎሕ ሲቀድ ወፍጮው ጮኸ፤ ልጁም ሄደ ተከፍሎ።
ምንይችል ደወለልኝ፦ «እጁ ይባረክ!» አለ።
የእሱ አያት ነው አያቴን፣ ድግስ ላይ፣
በተለየ ዋንጫ ያጠጣው፣ «ይህ ያንተ ነው» እያለ።
አላነሣሁበትም። ደረሰኝ ላክሁለት።

አንድ ሕግ ብቻ አለኝ፣ ከስሙ የሚብስ፦
ደመወዙ ሳይጻፍ ማንም እዚህ አይደርስ።
«በስምምነት» የምትል ቃል፣ ለስላሳ፣ ጨዋ መሳይ፣
ስንቱን ወስዳ ጥላለች በሰው አገር በረንዳ ላይ።
ትርንጎ ነገረችኝ፤ ቶርኖ ነው ሙያዋ፤
ከሞጣ ድረስ ሄደች፣ ተበድራ ለመሳፈሪያዋ።
እዚያ ስትደርስ «በወር አንድ ሺህ» ሲሏት፣
መመለሻ ስላልነበራት «እሺ» አለች።
ይኸው ስምምነት።
በዚህ ሕግ ዐሥራ አንድ አሠሪ ተቆጥቶ ሄደብኝ፤
አንዱማ፣ የዘይት ፋብሪካው፣ «ለመሆኑ አንቺ ማን ነሽ?» አለኝ።

ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ። ሳምንት ሲሉት ወራት ሆነ።
የአባቴ ሱቅ የብረት በር በጥቁር ቀለም ተከደነ፤
ጠመኔ ገዛሁ። መናኸሪያው ቅርብ ነው፤ ወራጁ ቆሞ ያያል፤
ማንበብ ለማይችለው አባቴ እንደ አውቶቡስ ረዳት ይጮኻል፦
«በያጅ! ለጅጋ! ዘጠኝ ሺህ! የተቆረጠ ነው፣ የታወቀ!»
ስሙንም ከበሩ አናት፣ ብረት ቆርጦ፣ እሱ ነው ያጣበቀ።

አሁን ኔትወርኩ ተመልሷል፤ ስልኩም አያስተኛም።
ስድስት መቶ ባለሙያ፣ አንዲት እኔ። አልበቃም።
ትናንት፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ በገዛ ስሜ ጻፍሁ፦
«ረዳት፣ አንድ። ፍኖተ ሰላም። የወፍጮን ሕመም
በድምፁ የሚለይ ቢሆን ይመረጣል።»
«ደመወዝ» የሚለው ጋ ቆምሁ። የቁጠባ ደብተሬን ገለጥሁ፣ አጠፍሁ።
ከዚያ ጣቴ፣ ሳላዘው፣ አንዲት ቃል ጻፈ፦
«በስምምነት»።
አየኋት። ለስላሳ ናት። ጨዋ መሳይ።
ገጹ ግን አልቀበልም አለ፤ እኔው የሠራሁት፣
እኔው ባወጣሁለት ሕግ፣
«ይህ ቦታ በቁጥር ይሞላ» ይለኛል፣
በቀይ።