ቁልፍ ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ

ኮሚዣ ወደብ ላይ፣ ከመረብ ማድረቂያው በላይ፣
መስኮቷን ጨው የበላው ቢሮ አለች፣ ባሕሩን የምታይ።
ኮምፒውተሩ አርጅቷል፤ ሲነሣ ያቃስታል፣
ቆይቶ ቆይቶ አንድ ቅጽ ይከፍታል።
ቅጹ ላይ አርባ ቁልፍ፣
እንደ ጀልባዎቹ ቦታ በአራት ረድፍ ሰልፍ።
አንዱን ስትጫነው የዚያ ጀልባ ሌሊት ይመዘገባል፣
ኪራዩ ከዕዳው መዝገብ ገብቶ ይደመራል፣
ወር ሲሞላ ደረሰኝ ከማተሚያው ይወርዳል።

የሠራው ፍራኔ ነው። ዓሣ አጥማጅ ነበር፣
ወገቡ እምቢ ሲለው ተቀመጠ ሊማር።
የብርዱን ወራት ሙሉ በሁለት ጣት ለቅሞ
ሠላሳ መስመር ጻፈ፣ እየሳለ፣ ታሞ።
ያ አንዱ ቁልፍ ሲሠራ፣
ቀዳው፣ ለጠፈው፤ ቀዳው፣ ለጠፈው፤ እንደ ጡብ ሠሪ፣ ተራ በተራ፣
አርባ ሲሞላለት መብራቱን አጥፍቶ ወጣ ከሥራ።

ፍራኔ ሞተ። ሥራው ወደ እኔ መጣ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ ከስፕሊት በመርከብ ወደምመጣ።
ያድራንካ እባላለሁ፤ ጀልባ የለኝም፣
ማዕበል ሲነሣ ሆዴ አይረጋልኝም።

ኩና ቀርቶ ዩሮ ሲገባ፣ ያን ጥር፣
አርባ ቦታ ዞርኩ፣ አርባ ጊዜ ያንኑ መስመር
ላርም፣ ላካፍል፣ ልቀይር።
ሃምሳውን ሎሚ ብቻዬን ተሸክሜ
አንዷ አመለጠችኝ ከድካሜ፤
ሠላሳ አንደኛው ቁልፍ በድሮው ገንዘብ ቀረ፣
ያኮቭ ሰባት እጥፍ ተጠይቆ በሬን በጡጫ ደበደበ፣ ሰፈሩን አሸበረ።

በቃ አልኩ። አርባው ኮድ ይጥፋ፤ አንድ ይጻፍ፣
አርባውም ቁልፍ ሲነካ ወደዚያው ይለፍ።
ግን አንዱ ኮድ ለአርባ በር ዘበኛ ሲሆን
በምን ይለያል፣ ያንኳኳው ማን እንደሆን?

— ማነው?
— እኔ ነኝ።
— እኔ ማን?
— እኔ ነኛ!

(ሰው ሁሉ በር ላይ እንዲህ ነው፤ ቁልፍም እንደኛ።)
ስለዚህ ለእያንዳንዱ ከጀርባው ቁጥሩን ጻፍኩለት፣
ለሕፃን ኮቱ አንገት ላይ ስሙን እንደሚሰፉለት፤
ሲነካ «ሰባት ነኝ» ይላል፣ «ሃያ ሁለት ነኝ» ይላል፣
ኮዱም ቁጥሩን ሰምቶ የዚያን ሒሳብ ያወጣል።

ከመደምሰሴ በፊት ግን ጎን ለጎን አነጻጸርኩ፣
ከጧት እስከ ምሳ መስመር በመስመር ቆጠርኩ።
ሠላሳ ዘጠኙ መንታ ነው፤ ነጥቡ እንኳ አይዛነፍ።
ዐሥራ ዘጠነኛው ላይ ዓይኔ እምቢ አለ ማለፍ፤
ሌሊቱን ለዐሥራ ዘጠኝ ይመዘግባል፣
ኪራዩን ግን ሰባት ላይ ይደምራል።
ደረሰኙ ላይ «ተከፍሏል» ይላል።

ስህተት ነው አልኩ፤ ሲቀዳ እጁ ስቶት።
ጣቴ ማጥፊያው ላይ ነበር። ሺሜን ጠየቅሁት፣
ገመድ የሚያስረውን ሽማግሌ። ዝም አለ።
በክርኑ መስታወቱን ወለወለ።
«ያቻትልሽ» አለ።

አንዲት ሰማያዊ ጀልባ፣ ቀለሟ የተላጠ፤
ውስጧ አንዲት ሴት፣ የዝናቡን ውሃ በቆርቆሮ የምትቀዳ።
ቪንካ። ባሏ በሰው ጀልባ ወጥቶ እንደወጣ ቀረ፣
የራሱ እዚህ ታስራ ዐሥራ አንድ ዓመት ተቆጠረ።

— ሰባትስ የማን ነው?
— የፍራኔ ነበራ።

አስታወስኩ፣ በሰኔ ያየሁትን የሰባትን ዕዳ፣
ሰውየው ከሞተም ወዲህ የሚያድግ፣ እንግዳ፤
«የሙት ነው፣ ይሰረዝ» ብዬ በቀይ እርሳስ ያለፍኩትን።

አሁን ኮዱ አንድ ነው። አርባ ቁልፍ ይነካል፣
አንድ ጆሮ ይሰማል፤ ንጹሕ ነው፣ ያምራል፤
ከመሃሉ አንዲት «ከሆነ» ብቻ እንደ ጉብታ ወጥታ፦
ዐሥራ ዘጠኝ ከሆነ፣ ወደ ሃያ ስድስት፣ በዝምታ።
ሃያ ስድስት ባዶ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ተከራየሁት፤
ጀልባ የለኝም ብያለሁ። ውሃውን ነው ያሰርኩት።

ለሚተካኝ ሰው ማብራሪያ ልጽፍ ሞከርኩ፣
ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፣ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ።
ከመስመሯ በላይ የተውኩት ይህን ብቻ ነው፦
አትንካት። ሺሜን ጠይቅ።
ሺሜ ከሌለ፣ መስኮቱን ወልውልና እይ።