ሰባት ፊደል

ድንጋይ ጠራቢ ነኝ፤ ካማ ወንዝ ዳር ነው ሱቄ፣
በፊደል ነው የምከፈል፤ ፊደል ነው ስንቄ።
ስመ ረጅም ሰው ሲሞት — ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ —
ለአንድ ሳምንት ያህል እንጨት ለምድጃዬ ተረፈኝ።
ቲሞፌይ፣ ፕሮኮር፣ ሚሮስላቭ፣ ሁሉም በእጄ አልፈዋል፤
ስም ከእኔ ቤት ሲወጣ ክራባቱን አስሮ ይወጣል።
ቲሞሻ፣ ፕሮሻ፣ ስላቪክ — ባለ ነጠላ ጫማው፣ ባለ ሹራቡ —
እነዚያ እኔ ዘንድ አይመጡም፤ ስማቸው የለም በመዝገቡ።

በጥር፣ ወንዙ ደንድኖ መኪና ሲሄድበት፣
ግላፊራ ገባች፤ ሻሿ በረዶ ነግሦበት።
ጓንቷን በጥርሷ አውልቃ ወረቀት ዘረጋች፣
የወንድሟን የሞት ምስክር፤ ጣቷን አሳረፈች።
«ቭሴቮሎድ» ይላል፤ ማኅተም ተረግጦበታል።
«ስምንት ፊደል ነው» አልኳት፤ «የአባት ስም ይጨመርበታል።»
ዝም አለች። ምድጃውን አየች።
ከዚያ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሳቱ አወራች፦

«በዚህ ስም የጠራው የምልመላ ሹም ነው፣
አንድ ጊዜ፤ ከዚያ ደግሞ የሬሳ ቤት ጸሐፊው።
‹ሁሉን ገዢ› ማለት ነው አሉ ትርጉሙ፤
እስቲ ግዛቱን ቍጠር፣ ይሟላ እንደ ስሙ፦
ሦስት ቀፎ ንብ፣ ውሃ የምታስገባ ጀልባ፣
ደግሞ አንድ ውሻ፣ ጌታውን ቀድሞ ቤት የሚገባ።

እናታችን ሴቩሽካ ነበር የምትለው፣
እንደ ትኩስ ወተት እፍ ብላ ነው የምታቀብለው።
የጎረቤት ፖም ሲሰርቅ፣ ሱሪው አጥር ላይ ተሰቅሎ፣
‹ሴቭካ!› — ስሙ ራሱ ይገርፈው ነበር፣ እንደ ልምጭ ተመልምሎ።
ከድልድይ ማዶ አንዲት ነበረች፣ ሳያገባት የቀረ፤
‹ሴቮችካ› ስትለው ሰምቼ ጆሮዬ በሷ ፈንታ አፈረ።
እኔ? ሴቫ ነው የምለው። አራት ፊደል። በቃ።
ስድሳ ዓመት በሱ ሲተኛ፣ ስድሳ ዓመት በሱ ሲነቃ።
አሁን ከድንጋይህ ሥር የሚተኛው ማን ነው?
ያ የማላውቀው ጌታ ወይስ የእኔው ሰው?»

ደንቡን ነገርኳት፤ የመቃብር ቢሮው ይከለክላል፣
መታወቂያው ላይ ያለው ብቻ ድንጋይ ላይ ይጻፋል።
ራሷን ነቀነቀች፤ ደንብ አይጠፋትም፤
ሠላሳ ዓመት ባቡር ጣቢያ ትኬት የቆረጠ ከደንብ አይጣላም።

እሷ ስትሄድ ስሜን ማሰብ ጀመርኩ፣ ሳልፈልግ፦
ሮስቲስላቭ። ዘጠኝ ፊደል። ክብሩ የሚያድግ።
ቁመቴ እንኳ በአሥራ አራት ዓመቴ ነው የቆመ፣
ክብሩም መንገድ ላይ ይሆናል፤ ምናልባት ደከመ።
ደንበኞች ‹ጌታው› ይሉኛል፤ ጎረቤት ‹ሽማግሌው›፤
‹ሮስቲክ› የምትል አንዲት ነበረች፤ ድንጋይዋን የጠረብኩ እኔው።
አሥራ ሁለት ክረምት አለፈ፤ ያ ስም የት ወደቀ?
በሟች ካፖርት ኪስ የቀረ ቁልፍ ሆኖ ይሆናል፣ ከበሩ የራቀ።

በማግስቱ ጠረብኩ። ፊት ለፊት ስምንቱን፣
ከሥሩ የአባቱን ስም፣ የሞተበትን ቀኑን።
ከዚያ ድንጋዩን ገለበጥኩት። ከእግሩ፣ አፈር ከሚውጠው፣
ቢሮ ከማይደርስበት፣ ዝናብ ከማይልሰው፣
ሰባት ፊደል፤ እናቱ እፍ ያለችባቸው።
ሳላስከፍል።

በሳምንቱ ልትከፍል ስትመጣ ድንጋዩ ተጋድሞ ነበር፤
ጓንቷን አወለቀች፤ ጣቷ ወደ ታች ወረደ፣ ሲዳብስ፣ ሲማር፤
ሰባተኛው ላይ አረፈ። ከንፈሯ ተነቃነቀ፤ ድምፅ ሳይኖር።
ገንዘቧን ቆጠረች፤ አንዲት ኮፔክ አላጎደለች፣
ከደጁ ዞር ብላ፣ ሻሿን እያጠበቀች፣
«ሮስቲክ» አለች፣ «በሩን ዝጋ፤ ሙቀትህ እያለቀ ነው።»

ሰሌዳዬ ላይ ዘጠኝ ፊደል ነው የተጻፈው።
መዶሻዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።
በረዶው እስከ ጫማዬ ገባ።
በሩን ቶሎ አልዘጋሁትም።