ሁለት አሥራ ስድስት

ሙሐረቅ፣ ነሐሴ፣ ከሌሊቱ ስምንት፤
ግድግዳው እንደ ሰው ያልበዋል በእርጥበት።
ከማድ ቤቱ ጎን ካለች ክፍሌ ተኝቼ
አንድ ሽታ ጠራኝ፤ ተነሣሁ ነቅቼ።
መዳብ ሲጨነቅ፣ ቫርኒሹ ሲግል የሚያወጣው ሽታ፣
ከአባቴ ሸሚዝ ላይ ስለቅመው የኖርኩ ማታ ማታ።

አቡ ራሺድ ሳሎን ነው፤ እንደ ሁሌው አልተኛም።
ቀኝ ጆሮውን ባሕር በልቶበታል፣
ገና ጢም ሳያወጣ፣ ለዕንቁ ሲጠልቅ፤
በግራው ነው የሚሰማው፣ እሱም ማራገቢያው ሲርቅ።
ሸክላው የታናሽ ወንድሙ ነው፣ የሟቹ የኢሳ፤
ዑዱ በግራ ሲወርድ፣ ድምፁ በቀኝ ሲነሣ።
ቀኙን ስፒከር ግን ጨው በላው አምና፤
ከወንድሙ ጣት ብቻ ቀረለት፣ አፉ ሄደና።

ሱኩማራን ከገበያ መጥቶ አየ፣ አንገቱን ነቀነቀ፤
"አንድ ስፒከር ካለህ አንድ መስመር ይበቃል" ብሎ ሣቀ።
ግራውን አሰረው፤ ቀኙን አንጠልጥሎ ተወው፤
አምስት ዲናሩን ቆጥሮ ወጣ፣ ሌላ ሥራ አለው።

ኢሳ ግን ዝም አላለም።
ሸክላው ላይ እስካለ ይዘፍናል፤ መርፌው ያነሣዋል፣
አምፖሉ ያጎላዋል፣
መውጫ ያጣና ብረቱ ውስጥ ተመልሶ ይነዳል።

አባቴ፣ ድሬዳዋ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ሬዲዮ ሲፈታ፣
"ልጄ፣ የአምፖል ማጉያ" ይል ነበር፣ ብሎኑን በጥርሱ ይዞ፣
"ሸክም ሲበዛበት ያቃስታል፤ ትሰሚዋለሽ።
የሚያስፈራው ሸክም ሲያጣ ነው፤
ዝም ብሎ ራሱን ይበላል።"
ያኔ የመሰለኝ ስለ ብረት ነበር።
እዚህ ቤት በሦስት ዓመት አንድ ዓርብ ዕረፍት ሰጡኝ፤
እጆቼ የሚይዙት አጥተው እርስ በርስ ሲፋተጉ ዋሉ።

ሶኬቱን ነቀልኩ። "ምን ነክቶሻል!" አለ ሽማግሌው።
በደህናው ጆሮው በኩል ጎንበስ አልኩ፦
"ወንድምህ እዚህ ውስጥ እየተቃጠለ ነው፤ ቆይ፣ ይብረድለት።"
አረብኛዬ የማድ ቤት ነው፤ ድስትና በር ያውቃል፣
ኦም የሚባል አያውቅም። በጣቴ አስረዳሁት።

ከጀርባው ተጽፏል፦ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት።
ስፒከሩ ስምንት ነው። ሰው ያየውን ያምናል፤
ስምንትን ከስምንት ያጋባል።
ነገር ግን ሁለት ትከሻ ከአንድ ሸክም ሥር ሲገባ፣
ስምንቱ ለያንዳንዱ አሥራ ስድስት ሆኖ ይታያል።
ሲካፈሉት የሚያድግ ቁጥር ሌላ አላውቅም።

በሽንኩርት ቢላዋ ሽቦ ላጥኩ።
የሚገባውን፣ ሁለቱን ገመድ ገምጄ አንድ አደረግሁ፤
የሚወጣውን፣ ግራውን ከአሥራ ስድስት፣ ቀኙንም ከአሥራ ስድስት፤
ፕላሱን ከፕላስ፣ ማይነሱን ከማይነስ፤
ቢገለበጡ እንደ ጣውንት ይጠፋፋሉና
በስልኬ መብራት ሦስቴ አየሁት።

አራቱ አምፖሎች ሲቀሉ ሁለታችንም አልተነፈስንም።
ድምፁን ለሩብ ብቻ ከፈትኩ። መጀመሪያ ሁምታ፤
ከሁምታው ዑድ፤
ከዑዱ ኋላ፣ ከዚያው ከአንዱ ወረቀት፣
ኢሳ።

አላለቀሰም። ጣቱን አንሥቶ "አሁን አንድ ቃል ይዘላል" አለኝ፤
ኢሳ ዘለለ።
"አላልኩሽም? ሞኝ ነው! ሞኝ ነበር" ብሎ
እስኪያስለው ሣቀ።

ጠዋት ራሺድ ሰምቶ ደስ አለው፤
ሱኩማራንን ጠርቶ ሌላ አምስት ዲናር ጨመረለት፣ አመሰገነው።
ሽማግሌው ምንም አላለም፤
ልጁ የተናገረው በቀኙ በኩል ቆሞ ነው።
እኔ ማድ ቤት ነበርኩ።
ቢላዋው ላይ የመዳብ ብናኝ ቀርቶ ነበር፤
ሽንኩርቱን ሳልጀምር አጠብኩት።