ምዕራፍ ሁለት

ደብረ ማርቆስ፣ የሐምሌ ማታ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል፤
መብራት መጥቶ ሄዶ፣ ሄዶ መጥቶ፣ ሻማዬ ወደ ጎን ይቀልጣል።
ምዕራፍ አንድ አልቋል፤ ሦስትም በመጠኑ፤
ሁለት ላይ ግን ተኝቻለሁ፣ ይኸው ድፍን ወር ካሥራ አምስት ቀኑ።
«የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት» ይላል ርእሱ በደማቁ፤
እኔ ቅኝት የማውቀው የበገና ነው፣ አውታሮቹ ሲጠብቁ።

ወንድሜ ዋሸራ ቅኔ ሲማር፣ ዘጠኝ ክረምት፣
ከመምሩ ፊት ቆሞ ሲነግር፣ ገና ከሁለተኛው ቤት
«ተብሏል!» ይሉታል። በቃ። ይቀመጣል፤
ያልተባለ ፍለጋ ከዛፍ ሥር ሲቆጥር ውሎ ይመጣል።
እኔን ደግሞ ዶክተር ይርሳው፣ በቀይ እስክሪብቶ፣
«ማን ብሏል?» ይለኛል ኅዳጉን ሞልቶ።
እሱ የተባለ ብሎ ተመታ፣
እኔ ያልተባለ ብዬ።
በስልክ ስነግረው ሳቀ ሳቀና፣
«ያው ነው» አለኝ፣ «እታለምዬ፤
ያልሰማ ሰው፣ የተባለውን
ካልተባለው በምን ይለያል?»
ካርዱ አለቀ። ዝናቡ ግን እስካሁን ያወራል።

ሥራዬ የጮቄ አፈር ነው። አንዲት ቁጥር አለች፣ ሁሉም ጽፏታል፤
«በሄክታር መቶ ሠላሳ ቶን»፤ አንዱ ላንዱ እንደ ጠበል ጻዲቅ ቆርሶ አቀብሏታል።
የሁለት ሺ አሥሩ ከሁለት ሺ ሁለቱ ወሰደ፤
የሁለት ሺ ሁለቱ ወደ ሰማንያ ስምንቱ ወረደ፤
መሀል ያሉትን ትቼ፣ ሰማንያ ስምንቱ «ይመልከቱ» ይላል አንድ ሪፖርት፣
የስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ የወረዳ፣ ቅጅ የሌለበት።
እንደ ዘር ቆጠራ ነው፤ እስከ ሰባት ቤት ወጣሁ
(ለጋብቻዬ እንኳ እንዲህ አልተጣራልኝም)
ከሰባተኛው ቤት በላይ ሮብ ገበያ ወጣሁ።

የግብርና መጋዘን፣ ከማዳበሪያው ጆንያ ኋላ፤
ጋሽ ምንይችል ምሳ በልቶ እስኪመለስ ታዛ ሥር ቆምሁ፣ ዝናቡ እስኪላላ።
«ይህን የጠየቀኝ የለም» አለ፣ «ከአይጥ በቀር»፤
አቧራውን በኮቱ እጅጌ ጠረገው፤ ፋይሉ በሲባጎ ታስሮ ነበር።

ቶን የሚል የለም። ሄክታርም የለም።
በሰማያዊ ቀለም፣ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ፣
ገበሬ ቸኮል ሲናገሩ፦
«ልጅ ሆኜ እድንጋዩ ወገብ የነበረ አፈሬ
ክንድ ከስንዝር ወርዷል ዛሬ።»

ክንድ ከስንዝር! ከዚያ አንዱ ባለሙያ፣ ወንበሩ ላይ ሆኖ፣
ክንዱን በሜትር፣ ሜትሩን በቶን አባዝቶ፣ ደምሮ፣ ከድኖ
(ሂሳቡ ኅዳጉ ላይ አለ፤ አንድ ዜሮ ሰርዞ መልሶ ጽፏል)
ያ ክንድ ካርባ ዓመት በላይ፣ እጅጌ ለብሶ፣ ከጉባኤ ጉባኤ ዞሯል።

ግን የማን ክንድ? የረጅም ሰው? የአጭር?
በነጋታው ሄድሁ፣ ጭቃው ጫማዬን ሲነጥቅ፣ ሲያስቀር።
አያ ቸኮል ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጃቸው እንዳላማው አሳየኝ፤
ድንጋዩ ከማሳው መሀል፣ እግሩ ድረስ ራቁቱን ታየኝ።
«አባቴ አጭር ነበር» አለ፣ ክንዱን ከክንዴ አስተያይቶ፤
ከዚያ ጎንበስ ብሎ ለካው፣ ካባቱ ምልክት ተነሥቶ፤
አንድ፤
አንድ ተኩል፤
ሁለት ክንድ፣ ስንዝር ሲቀር።
ከዚያ በታች ጭንጫ ነው። የለም የሚወርድ አፈር።

ምዕራፍ ሁለትን ጻፍሁ፤ ሰባቱንም ቤት በየስማቸው ጠራሁ፤
የተሳሳቱትን አልዘለልሁም፤ በእነሱ ነው ሮብ ገበያ የደረስሁ።
ከዋቢዎቹ መካከል፣ በ«ቸ» ተራ፣
ቸኮል (ዓመቱ ያልታወቀ)። ክንድ ከስንዝር።
ድንጋይ ላይ፤ ጮቄ ሥር።

ዶክተር ይርሳው ትናንት መለሰልኝ። ቀዩ እስክሪብቶ ደክሟል፤
ከቸኮል ስም አጠገብ አንዲት ቃል ብቻ አኑሯል፦
«ገጽ?»

ጻፍሁለት፦ እኔ ያየሁት ገጽ ቁጥር የለውም፤
በየክረምቱ ይታጠባል፤ የዘንድሮው ለከርሞ አይሆንም።
ቢመጣ አሳየዋለሁ።
ጫማ ግን ይቀይር።