ሃምሳ ኪሎ

ጳጉሜም ገባችና ክረምት ሳያባራ፣
ቤቴን ጢስ አጥቁሮት ከቀኝ እስከ ግራ፣
ቢቸና ገበያ መጋረጃ አየሁ፤
ዋጋውን ብሰማ ዳስሼው ተመለስሁ።

ባዶ ጆንያ አለኝ ዱቄቱ ያለቀ፣
ከአልጋ ሥር ታጥፎ ክረምት የማቀቀ፤
ሦስት ጊዜ አጠብሁት በእንዶድ አረፋ፣
«ሃምሳ ኪሎ» የሚል ጽሕፈቱ አልጠፋ።
ካረጀ መቀነት ጥቂት ክር መዘዝሁ፣
ጫፉን እያጠፍሁ በቀይ ዘመዘምሁ።

ነጭ አፈር ለቀለቅሁ ክንዴ እስከ ደረሰ፤
ላዩን ለጢስ ተውሁት፣ እሱም ቤት ቀለሰ።

የሟች ባሌን ካፖርት፣ ነፍሱን ይማርና፣
ብል ሳይቀድመኝ ቆርጬ ትራስ ሰፋሁና፣
ኪሱን ግን አልፈታሁ፣ ተውሁት ከደረቱ፤
የልጄ እጅ እዚያ ነው ሲነጋ ሌሊቱ።

እንቁጣጣሽ ማለዳ ይታይሽ ገብታ ሳቀች፤
«መጋረጃሽ በኪሎ ስንት ነው?» ጠየቀች።
ዝም አልሁ።
ከዓባይ ማዶ ፀሐይ ጨርቁን ሰርስራ ገባች፣
ፊደሉን ገልብጣ መደብ ላይ ጻፈች፤
ሃምሳ ኪሎ ብርሃን
እፍኝ ሳታጎድል ሰፍራ አስረከበች።